ሽታ ያልነበረው እሳት

ጽጌ ላምባ አልሰረቀችም። ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ባለፈው እሁድ ለቡ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ ምህንድስና የምትማረው የልጅ ልጄ ሜሮን ለክፍሏ የምታቀርበውን ጽሑፍ ታነብልኝ ነበር። ሃይድሮጂን ስለሚባል ነዳጅ ነው። ሲነድ ጭስ የለውም፤ ከውሃ ነጥሎ ለማውጣት ግን ብዙ መብራት ይፈጃል። ለፋብሪካ ሊያዋጣ ይችላል፣ ለእኛ ማድቤት ገና ነው አለች። መብራቱስ መቼ በቃን ብዬ ልስቅ ስል፣ አሉሚንየም ኮስቲክ ሶዳ ሲነካውም ሃይድሮጂኑ ይወጣል ብላ ቀጠለች። ኮስቲክን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሳሙና የሚሠራበት ነው።

ልጃገረድ ሳለሁ ነፋስ ስልክ፣ አንዲት ጠባብ ሳሙና ቤት ውስጥ ከጽጌ ጋር ሞራ አቀልጥ ነበር። ምሳችን ከአንድ ጣሳ የምንካፈለው በሶ ነው። ክረምት በመሆኑ ዝናቡ እንዳይገባ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ይውላል። አንድ ቀን ኮስቲክ የምንበጠብጥበት የብረት በርሜል አፈሰሰና፣ የሚያሠራን ካቦ በትልቁ የአሉሚንየም ድስት በጥብጡት አለን። እሳት ላይ ሳንጥደው ይንተከተክ ጀመር። ብንነግረው ክደኑት አለ። ከደንነው። ጽጌ ልታማስል ክዳኑን ስታነሳ፣ ከጎኑ ከሚነደው የሞራ ምድጃ እሳቱ ዘሎ ድስቱን ያዘው። ድስቱ ፊቷ ላይ ፈነዳ። እስከ አስፋልቱ ድረስ በዚያ ጭቃ አዝዬ ወሰድኳት። ዓይኖቿ ግን አልተረፉም።

ካቦው ለባለቤቱ፣ ላምባ ሰርቃ ቀሚሷ ስር ደብቃ ነው እሳት የያዛት ብሎ ነገረው። እኔ ቆሜ መሰከርኩ።

"ላምባ ቢሆን ይሸት ነበር። ምንም አልሸተተም።"

"ሳይሸት የሚነድ የት አየሽ? አራተኛ ክፍል ነው ይህን ያስተማሩሽ?" አለኝ ካቦው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ሁለታችንንም አባረሩን።

ዓይነ ስውር መሆኗ ሳያንስ ሌባ የሚለው ስም ተከተላት። ፉሪ እህቷ ቤት ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር፣ እጄን ይዛ "ታዲያ ምን ነበር የነደደው?" ትለኛለች። ላምባ አለመሆኑን እንጂ ምን እንደነበረ አላውቅም። ከካቦው በላይ ያቃጠለኝ ያ አለማወቄ ነው። አምና ቀበርናት። ለቅሶው ላይ እንኳ ስለ ላምባው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

ሜሮን ማንበቧን አቁማ ታየኛለች።

"እማማ፣ ምን ሆንሽ?"

"ይሄ ያልሽው ነገር" አልኳት፣ "ሽታ አለው?"

"የለውም" አለች። "ምንም አይሸትም።"