በዕቃ የተያዘ መቀመጫ

ጎረቤቴ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ ሐኪም ግን አይደለም። ከግቢው ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ውስጥ የቆመውን ጄኔሬተር የሚጠብቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ እሱ ጆሮውን አቅንቶ የሞተሩን መነሳት ያዳምጣል። ሞተሩ ከተነሳ እፎይ ይላል። አልነሳም ካለ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ሁሉም ነገር በጥንድ በጥንድ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ቺንጋ፣ ሁለት የናፍጣ ማጣሪያ። አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ። በዚህ ጠባዩ የሥራ ጓደኞቹ ስሙን ትተው “መጠባበቂያ” ይሉታል፤ ቅጽል ስሙ ሰፈር ድረስ ተከትሎት መጥቶ እኛም ለመድነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ “በሠርጋችን ቀን ኪሱ ውስጥ ሌላ ክራባት አጥፎ ይዞ ነበር” እያለች ትስቅበታለች።

እኔ እሱን ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ ግን መኪናው ናት። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ የግማሽ ቀን መንገድ ይነዳል፤ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ሌላ ጊዜ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው፤ በፈለጉት ሰዓት ይጠሩታል። በነዚያ ቀናት ብቻ የሚተካው ሰው ይመደባል። ልጆቹም አባታቸው ከማዕድ ሳይነሳ በልቶ ሲጨርስ የሚያዩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያው ዓመት የያዙት አንድ ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ፋኖስ ብቻ ነበር አሉ። ዝናብ መጣና ረጠቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሸራ ተጨመረ። ሸራውን ነፋስ ቀደደው፤ ሸራው ሁለት ሆነ። ጋዝ አለቀባቸው፤ ሁለተኛ ሲሊንደር መጣ፤ ሲሊንደሩ ሁለት ከሆነ ምድጃው ለምን አንድ ይሆናል ተባለ። ትንሹን ልጅ እሾህ ወጋው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያዘው የመድኃኒት ሣጥን ጤና ጣቢያ ይከፍታል። አንድ ክፉ ነገር በደረሰ ቁጥር አንድ ዕቃ ይገዛል፤ አንዴ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ቤት አይቀርም። “ለክፉም ለደጉም ይያዝ” ይላል፤ ይያዛል። የመኪናዋ የኋላ መጫኛ ሞላ። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ ተሠርቶላት እሱም ሞላ። በመጨረሻ ከኋላ፣ በሁለቱ ልጆች መካከል ባለው መቀመጫ ላይ፣ ሰማያዊው የመፍቻ ሣጥን ተቀመጠ፤ በሣጥኑ ላይ የውሃ ጄሪካን፣ በጄሪካኑ ላይ ሁለተኛው ምድጃ። ልጆቹ ሐይቁ እስኪደርሱ አይተያዩም። እናታቸው ይህንንም በበጎ ጎኑ ነው የምታየው፤ ቢያንስ መንገድ ላይ አይጣሉም ትላለች።

ከመሄዳቸው በፊት ባለው ቀን ደግሞ ሙከራ አለ። ሆስፒታል ውስጥ ጄኔሬተሩን በየሳምንቱ ሲሞክረው ባዶውን አያስነሳውም፤ ጭነት ሰጥቶ ነው። ባዶውን ሲዞር ማንኛውም ሞተር ጤነኛ ይመስላል፣ ጭነት ስጠውና ያኔ እየው ባይ ነው። መኪናዋንም እንደዚያው ያደርጋታል። ዕቃውን ሁሉ ጭኖ፣ ሰዉን ሁሉ አስቀምጦ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ መስኮቱን ከፍቶ የሚንኳኳ ነገር ካለ ያዳምጣል። ፊት ለፊታችን ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ይወጣና በየዓመቱ ያችኑ ይጠይቃል፤ “ቤት ለቀቃችሁ እንዴ?”

አማቱ ከእነሱ ጋር መኖር የጀመሩት አምና ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ ውስጥ ጨርቅ በሜትር ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ሲላቸው ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ገቡ፤ ምላሳቸው ግን ከጉልበታቸው ጋር አልደከመም። አምና የሐይቁ ጊዜ ሲደርስ፣ መኪናዋ ውስጥ ቦታ ስላልነበረ፣ ትንሽ ሻንጣ ተዘጋጅታላቸው ሌላዋ ልጃቸው ዘንድ ተወስደው ሰነበቱ። ዘንድሮ እራት ላይ ልጆቹን ሐይቁ ምን እንደሚመስል ጠየቋቸው፤ ልጆቹ እየተሻሙ ነገሯቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ ጨው አቀብሉኝ በሚሉበት ድምፅ፣ “እኔም እሄዳለሁ” አሉ። ይህን ሚስቱ ለባለቤቴ ነግራት ነው የሰማሁት።

ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አማቱን ይወዳቸዋል፤ ነገሩ የከበደውም ስለሚወዳቸው ይመስለኛል። ለእሳቸው ወፍራም ፍራሽ ያስፈልጋል፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፣ መድኃኒታቸው ቢጠፋ ሌላ መያዝ አለበት፣ ማታ ሲወጡ የሚያበራላቸው ባትሪ፣ ለባትሪው ደግሞ ድንጋይ፤ እያለ በጣቱ ቆጠረላቸው። እሳቸው ሲጨመሩ ዕቃው ይበዛል፤ ቦታው ግን በአንድ ሰው ያንሳል። መኪና ሲቀየር በእርግጥ እንደሚሄዱ በለዘብታ አስረዳቸው።

“ገባኝ” አሉ። “ዕቃው ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ።” ከዚያ ምግባቸውን ቀጠሉ።

ያ ቃል ከጆሮው አልወጣ ብሎት መሰለኝ፣ በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣ። የፈለገው ረጅም ገመድ ነበር። የመፍቻ ሣጥኑን ጣሪያ ላይ አውጥቶ ጭነቱን አንድ እርከን ከፍ ሊያደርገው አስቧል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ነፋስም አለ፣ ትገለበጣላችሁ አልኩት። እሱም አላጣውም። ጥቂት ዕቃ ብትተውስ ልለው ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ፤ እሱ ግን ያልጠየቅኩትን መለሰልኝ። “የቱን ልተው?” አለ። “እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቀን አጥተነው የተቸገርንበት ነው።” ገመዱን ሳይወስድ ሄደ።

በሙከራው ቀን ከሰዓት በኋላ ድንኳኑን ጣሪያ ላይ ሲያወጣ አገዝኩት። ሚስቱ ከፊት ተቀመጠች፣ ልጆቹ ከኋላ ግራና ቀኝ ገቡ። ወደ ሌላዋ ልጃቸው ቤት የምትሄደው የአማቱ ሻንጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ሰማያዊውን ሣጥን ታቅፎ ከቤት ወጣ፤ የኋላውን በር በክርኑ ከፍቶ ሊያስገባው ሲል ባለበት ደረቀ። አማቱ መካከል ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸው በጉልበታቸው መሃል ነው፣ የእጅ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ። ልጆቹ ከግራና ከቀኝ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

“እማማ፣ ይሄ ሙከራ ነው እኮ” አላቸው። “ዛሬ አንሄድም።”

“አውቃለሁ። በጭነት ነው የሚሞከረው ትል የለ? እኔም ጭነት ነኝ፤ ሞክረኝ።”

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ወጥቶ ኖሯል። “አንተ መጠባበቂያ፣ አማትህንም ሁለት አድርገህ ነው የያዝካቸው?” አለ።

“ለእኔ መጠባበቂያ የለም በለው” አሉ አማቱ፣ ፊት ለፊት እያዩ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ፤ ከእሱ ሌላ የሳቀ አልነበረም። ሣጥኑ ከባድ ነው፤ ጎረቤቴ ግን እንደታቀፈው ቆሟል። ሚስቱ ወርዳ አጠገቡ ቆመች። ልትቆጣው ነው ብዬ ዞር ልልላቸው ስል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ሥራው ጠየቀችው።

“ሆስፒታል መብራት ሲጠፋ ሁሉም ክፍል በጄኔሬተሩ ይበራል?”

“የት ችሎ። ለሁሉም ልስጥ ቢባል ሞተሩ ይታፈናል።”

“ታዲያ የቱ ነው የሚበራው?”

“ቀዶ ጥገናው። ማዋለጃው። የደም ማቀዝቀዣው።”

“ሌላውስ?”

“ሌላውማ ይጠብቃል። ቢሮው፣ ኮሪደሩ፣ ሻይ ቤቱ፣ መብራት እስኪመጣ በጨለማ ይጠብቃል።”

“እናቴ ከየትኛው ናት?” አለችው።

ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ሄዶ የኋላውን መጫኛ ከፈተ።

መጀመሪያ የወጣው ሁለተኛው ምድጃ ነው፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ሲሊንደር። እነዚህ አልከበዱትም። ሁለተኛውን ሸራ ሲያወጣ ግን እጁ ላይ አገላብጦ አየው፤ ያች የረጠቡባት ሌሊት ትዝ ብላው ይሆናል። እኔ እየተቀበልኩ በረንዳው ላይ እደረድራለሁ። የሚታጠፈው ጠረጴዛ ወጣ። የድንኳኑ ትርፍ ምሰሶዎች፣ ሚስቱ ከረጢት ከሰፋችላቸው ትርፍ ካስማዎች ጋር ወጡ። ከሰማያዊው ሣጥን ውስጥ ፒንሳ፣ ቢላዋ፣ ሽቦና ናስትሮ ብቻ መርጦ በጨርቅ ጠቀለለና ከወንበር ሥር ከተተው። ሁለተኛውን ፋኖስ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው፣ ደግሞ አስቀመጠው። በወጣው ቦታ የአማቱ ፍራሽ ገባ፣ ብርድ ልብሳቸው ገባ፣ መድኃኒታቸው ገባ። መድኃኒቱን ለሁለት ከፍሎ በሁለት የተለያየ ቦታ ነው ያስቀመጠው፤ በዚህስ ማንም አልተናገረውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አማቱ ከመኪናዋ አልወረዱም። ልጃቸው ገብተው ትንሽ እንዲያርፉ ብትለምናቸው፣ ከወረድኩ አንድ ነገር ይቀመጥበታል ብለው እምቢ አሉ። ሻያቸውን እዚያው ጠጡ። ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ በረንዳው ሱቅ መስሎ ነበር፤ እሱ በዚያ በኩል ያለፈው ላለማየት አንገቱን አዙሮ ነው።

ሐይቁ ጋ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። አማቱ እንደደረሱ ከመኪናው ወርደው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተመለከቱና “ውሃ ነው” አሉ፤ ልጆቹ ቅር አላቸው። ማታ ፍራሹ ጎረበጣቸው፤ ሲገላበጡ አደሩ፣ ሌላውም አብሯቸው ሲነቃ አደረ። ሊነጋጋ ሲል ነፋስ ተነሳና አንዱን የድንኳን ምሰሶ ሰበረው። ትርፉ ምሰሶ ቤት በረንዳ ላይ ነው ያለው። ጎረቤቴ የወደቀ ቅርንጫፍ ፈልጎ በሽቦና በናስትሮ አሰረው፤ ድንኳኑ እስከመጨረሻው ወደ አንድ ጎን እንዳዘመመ ቆየ። ትልቋ ልጅ ድንኳናችን ጉልበቱን አመመው ብላ ቀለደችና አያቷን አይታ ደነገጠች፤ ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ግን አያቷ ናቸው።

ፀሐይ ስትወጣ ፍራሹን ዛፍ ሥር አስነጠፉ፤ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ወደ ውሃው ዞረው ተቀመጡ። ልጆቹ ፊት ለፊታቸው ይንቦጫረቃሉ፤ እሳቸው የሚያዩት ግን ከልጆቹ አልፎ ሩቅ ነው። ሚስቱ ለምሳ ስትጠራቸው እጃቸውን አነሳ አድርገው “ቆዪ” አሏት። ለምሳ የተቀቀለው ድንች ቀዘቀዘ። ደግማ ብትጠራቸው አሁንም ቆዪ ነው። ምን ያዩ እንደነበር ማንም አልጠየቃቸውም።

እሱም ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። መጀመሪያ የሚያጠብቀው ገመድ፣ የሚያስተካክለው ምድጃ ፍለጋ ዓይኑ ሲዞር ነበር። “ያመጣነው ትንሽ ነው፤ የሚስተካከለው ነገር ቶሎ አለቀብኝ” አለኝ። ሌላ ዓመት ዕቃውን ሲተክልና ሲነቅል ነበር ቀኑ የሚያልቅበት፤ ያን ቀን ግን ውሃው ላይ የዛፉ ጥላ ሲዞር ከአማቱ ጋር ቁጭ ብሎ አየ።

ሲመለሱ፣ ልጆቹ በአያታቸው ትከሻ ላይ ግራና ቀኝ እንቅልፍ ጥሏቸው ሳለ፣ ለሚመጣው ዓመት ምን ጎደለ ብሎ ጠየቃቸው። ሁልጊዜ መንገድ ላይ የሚጠይቀው ነው።

“ወንበር” አሉ ሳያመነቱ። “መደገፊያ ያለው፣ የእጅ ማሳረፊያም ያለው። መሬት ለእኔ አይሆንም።”

ደስ አለው። ምን ዓይነት ወንበር እንደሚሻል፣ ጣሪያው ላይ በየት በኩል እንደሚታሰር ማውጠንጠን ጀመረ። ጥቂት ከነዳ በኋላ ግን፣ “ወንበር ከገባ የሚወጣ ነገር መኖር አለበት እኮ፣ እማማ” አላቸው።

“አስብበት፤ ዓመት ሙሉ ጊዜ አለህ” አሉት፣ ልጆቹ እንዳይነቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ብቻ እኔን ከሚወጡት ውስጥ እንዳትቆጥረኝ።”