ሽማግሎቼና ካርቡራተሩ

ባለቤቴን መጀመሪያ ያየኋት መኪናዬን ስትገፋ ነው። አዘዞ ገበያ አጠገብ መኪናዋ እንደ ልማዷ እምቢ ብላኝ ነበር። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ተሰብስበው ሲገፉልኝ አንዲት ልጅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁሉም በላይ ትገፋለች፤ ከሁሉም በላይ ትስቃለችም። ሞተሩ ሲነሳ ጭስ አለበስኋት። ወርጄ ይቅርታ እንዳልጠይቅ መኪናዋ ከቆመች አትነሳም፤ ስለዚህ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እየሄድሁ ጮክ ብዬ ጠየቅኋት። «ይቅርታውን ተወውና እሷን አሠራት!» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

ጠይቄ አስጠይቄ ደረስሁባት። ጎንደር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ልብስ ስፌት ትማራለች፤ አባቷ እንፍራንዝ ላይ አርሰው፣ ንብ ጠብቀው የሚያድሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከተማው ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ፤ ሀብቴም ያቺ መኪና ብቻ ናት። ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት የሄደው መኪና ነች። ለምን ጥሏት እንደ ሄደ የገባኝ ከገዛኋት በኋላ ነው።

የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ክዳን ከእኔ በፊት ጠፍቶ ነበር። እኔም እንደ ጠጅ ገንቦ ከእንጨት ውታፍ ጠርቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቤንዚኑ እንዳይፈናጠቅ ዙሪያውን በሰም ደፈንሁላት። አገራችን የሚያፈስ ነገር ሁሉ በሰም ነው የሚደፈነው። ሰሙ በየሳምንቱ እያለቀ እንደገና አድስ ነበር። ሰሙ የት እየሄደ እንደሚያልቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እንግዲህ።

አንድ ዓርብ ልቤን የምታውቀው የልጅቱ አክስት መልእክት ላከችልኝ፤ ልጅቱ ወደ አባቷ ቤት ተጠርታ ሄዳለች፣ እሑድ የአንድ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ሽማግሎች እንፍራንዝ ሊገቡ ነው። ነጋዴው ጎተራው የሞላ፣ በቅሎው የሰባ ሰው ነው። ቅዳሜ ካልቀደምሁት ልጅቱ አመለጠችኝ ማለት ነው። በአንድ ቀን ጎንደርን ለቆ እንፍራንዝ ለመግባት ደግሞ ከመኪናዬ በቀር መንገድ አልነበረኝም። ሌላ መኪና ቢገኝ ኖሮ በዚያች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ቁማር አልጫወትም ነበር።

ሦስት ሽማግሎች ለመንሁ፦ አጎቴን፣ የንስሐ አባቴንና ጎረቤታችንን የጨርቅ ነጋዴ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ በሰፈሩ ያለ እሳቸው የታረቀ ባልና ሚስት የለም። ችግሩ ሌላ ነበር። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። ቤቱ ተደብቆ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። መኪናዋን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚነዳት የለም።

አጎቴ መላ አመጣ። «አንተ ዛሬ ሾፌር ነህ» አለኝ። «እንፍራንዝ ስንደርስ ዋርካው ሥር ታወርደንና ትሰወራለህ። አፍህን እንዳትከፍት።»

ቅዳሜ በጠዋት ተነሳን፤ እስከ አዘዞ መኪናዋ ንግሥት መሰለች። ፀዳ መንደር ላይ ሁለት ጊዜ አነጠሰችና ዝም አለች። ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡራተሩን ፈታሁ። ውስጡ ጂግለር የምንለው የናስ ቁራጭ አለ፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚያልፈው በእሱ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው የመርፌ ዓይን አያህልም። በአፌ መጠጥሁት፣ ነፋሁት፣ ቤንዚን ዋጥሁ፣ መልሼ አሰርሁት። ሞተሩን ከፊት እያዞሩ የሚያስነሱበትን ብረት፣ ማኖቬላዋን፣ እስኪያልበኝ አዞርሁ። ወይ ፍንክች!

የንስሐ አባቴ ከኋላ ወንበር መስቀላቸውን አውጥተው በመስኮት አሳዩአት። አጎቴ «ካንዴላው ነው» አለ፤ ካንዴላ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ቃሉን ግን ይወደዋል። ጎረቤታችን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ምነው ልጄ፣ ትረፍ እንጂ! በቅሎም ሲደክማት ታርፋለች» አሉ።

«መኪና በቅሎ አይደለችም!» ብዬ ጮኽሁ። ከዚያ ንዴቴ ሲበርድ እኔም ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቼ ማኖቬላዋን ባዞር በመጀመሪያው ተነሳች። ሰው ሲረዳኝ ደስ አይለኝም፤ ሰው ረድቶኝ ሲሳካ ግን ጨርሶ አልወድም። ከዚያ በኋላ በቆመች ቁጥር ጎረቤታችን ምንም ሳይናገሩ ጃንጥላቸውን ይዘረጉ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከምክር ይብሳል።

ማክሰኝት ስንደርስ መቆሚያ ብላ የመረጠችው የከብት ገበያውን መሀል ነው። ሰው ከበበን። አንዱ ጎማዋን በዱላው መታ መታ አድርጎ «ሸጋ ናት፤ ግን ከስታለች» አለ። ሌላው ወደ አጎቴ ዞሮ «አያ፣ ሁለት በሬ ልጥመድላችሁ?» ሲል ጠየቀ፤ ሲያላግጥ አልነበረም፣ ከልቡ ነው። እኔ እምቢ አልሁና ጎማውን በርግጫ መታሁት። አውራ ጣቴ ለሁለት ሳምንት ጠቁሮ ከረመ። ሁሉም ሳቁ፤ የእኔ ሽማግሎች ጭምር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንፍራንዝ ዳር ደረስን። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናዋ ግን በራሷ መንከባለል ቀጠለች። ዋርካው ታየን።

«ላቁም?» አልሁ።

«ካቆምህ ትነሳለች?» አለ አጎቴ።

«አትነሳም።»

«እንግዲያው ትውረድ!»

ዋርካውን አለፍነው። መንገዱ የልጅቱ አባት ደጅ ድረስ ይወርዳል፤ እኛም ወረድን። ፍሬኑን ብረግጥም የመኪናዋ አፍንጫ አጥራቸውን ገፋ አድርጎ ነው የቆመው። ሽማግሌ ማለት በእግሩ መጥቶ፣ ከደጅ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚገባ። የእኔዎቹ ከእነ ጃንጥላቸው አጥር ውስጥ ገቡ። አባትየው በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«ይኸስ ማነው?» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

«ሾፌር ነው! ሾፌር!» አለ አጎቴ፤ ሁለት ጊዜ ባይለው ይሻል ነበር።

ሦስቱ ገቡ። እኔ ካርቡራተሩን እንደገና ፈትቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። ጆሮዬ ግን ቤቱ ውስጥ ነበር። እንደ ደንቡ ቆመው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለዋል፤ የአጎቴ ድምፅ ስሜን ከፍ ከፍ አድርጎ ሲያሞግስ ይሰማኛል። እንደ እሱ አነጋገር ከሆነ እንዲህ ያለ ታጋሽ ሰው በበጌምድር አልተወለደም። ታጋሹ ሰው እጁ እስከ ክንዱ ጠቁሮ ማኖቬላውን ይራገማል።

ጥቂት ቆይተው አባትየው «ላስብበት» ብለው ወጡ። መጥተውም አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጂግለሩን ከእጄ ወሰዱና በጥፍራቸው ጫሩት፣ አሸተቱት።

«ይኸ ሰም ነው» አሉ።

ውታፉ፣ በየሳምንቱ የሚያልቀው ሰም፣ መኪናዋ ስትቆም በሞተሩ ሙቀት የሚለቀው፣ ስትሄድ በነፋሱ ቀዝቅዞ የሚዘጋው ቀዳዳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። ቤንዚኑ ሰሙን እያሟሟ ወደ ካርቡራተሩ ሲልከው ኖሯል።

«ቤንዚን በሰም የሚደፍን ማነው?» አሉ ውታፉን እያዩ።

«ጌታዬ ነው» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ሾፌር ነኝ።

«ሰሙን ከየት ያመጣል?»

«ከንስሐ አባቱ ጧፍ ይቀበላል። ለዳዊት መድገሚያ ነው እያለ።»

«ይዋሻል?»

«ይዋሻል።»

ቤቱ በር ላይ ቄሱን፣ የንስሐ አባቴን፣ ሳል ያዛቸው። አባትየው ተነሱና ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲመለሱ በጣሳ የፈላ ውኃና አንዲት ረጅም የፈረስ ጭራ ፀጉር ይዘው ነበር። ጂግለሩን ውኃው ውስጥ ከተቱት። ሰሙ ሲለቅ ጭራዋን በቀዳዳው ሳብ መለስ አደረጓት። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ የፈረስ ጭራ ግን አይጎዳም፤ ይህን እኔ ነበርሁ ማወቅ የነበረብኝ። ማር ሲያጠሩ የኖሩ እጆች ናቸው።

«ይኸ ጌታህ» አሉ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ላሞግሰው ፈለግሁ። አጎቴ ያለውን ልድገም አልሁና አፌን ከፈትሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከዋጥሁት ቤንዚን ጋር እውነቱ ወጣ።

«ቁጡ ነው» አልሁ። «ኩሩ ነው፣ ሰው ሲረዳው ይከፋዋል። ዛሬ ማክሰኝት ላይ ጎማ ረገጠ።»

«ሰው ይመታል?»

«ሰውስ አይመታም። እንስሳም አይመታም። ብረት ብቻ።»

«ልጅቱን ይወዳታል?»

«እንቅልፍ ካጣ ወራት ሆነው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አንድ ቤት ነው የምናድረው።»

ካርቡራተሩን ሰብስቤ አሰርሁ፣ ውታፉን ጥዬ ጨርቅ ብቻ ወተፍሁበት። ማኖቬላዋን አንድ ጊዜ ባዞር ሞተሩ ተነሳ፤ በሕይወቷ እንዲህ ባለ ንጹሕ ድምፅ ሠርታ አታውቅም። አባትየው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። እኔም ነውሩን ትቼ በሩ ሥር ቆሜ አዳመጥሁ።

«ሾፌሩ ሁሉን ነገረኝ» አሏቸው። «የላካችሁ ሰው ቁጡ ነው፣ ኩሩ ነው፣ ካህን ያታልላል። ለእሱ ልጄን አልሰጥም።»

የበሩን መቃን ይዤ ቆምሁ። የዚያን ቀን ሰው መሆን አስጠላኝ፤ ምነው አፌን በሰም ደፍኜው ቢሆን አልሁ።

«ለሾፌሩ ግን እሰጣለሁ» አሉ አባትየው። «እውነት ይናገራል። የሚጎዳውን እውነት።»

ኋላ እንደ ሰማሁት፣ የፈረስ ጭራውን ሊፈልጉ ጓዳ ሲገቡ ልጅቱ በግድግዳው ሽንቁር እያየችኝ ነበር። «አባባ፣ ያ እኮ ራሱ ነው» ብላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጌታዬ ሲጠይቁኝ ማን መሆኔን እያወቁ ነው የጠየቁኝ።

«ታዲያ ሾፌሩ ሽማግሌ አልላከም እኮ» አሉ ጎረቤታችን፤ ሳቃቸውን እንደ ያዙ ድምፃቸው ያስታውቃል።

«ይላካ!»

ሦስቱ ሽማግሎች ተከታትለው ወጡና ፊቴ ቆሙ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጄ፣ ሰውዬው ሽማግሌ ላክ ይሉሃል» አለኝ። «እናንተው ሂዱልኝ» ብዬ በእጄ ወደ በሩ አሳየኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ አሥር እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ከሩቅ አገር እንደ መጡ ሁሉ ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ደጃፉም ላይ ቆመው «ቤቶች!» አሉ። ቄሱ ወደ ኋላ ዞረው አንድ ጊዜ በጣታቸው ዛቱብኝ። እኔም ደንቡ ነውና እንዳልታይ ከመኪናዋ ጀርባ ቁጢጥ አልሁ። እዚያም በቤንዚን የራሰ እጄን ዓይኔ ላይ ማድረስ ስለማልችል እንባዬን ሳልጠርግ አለቀስሁ።