እኔ ቤት የከረሙት ብልቃጦች

ባለፈው እሑድ ልጄ ከሱፐርማርኬት አንድ ብልቃጥ አምጥታልኝ ሄደች። ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ በአቸቶ ተዘፍዝፎ የታሸገ ነው። «እማዬ፣ ከሽሮሽ ጋር ብዪው፣ አፍሽን ይከፍትልሻል» አለችኝና እንኳን ልትበላ ቁጭም ሳትል ደረጃውን ወረደች። ብልቃጡ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልከፈትኩትም። እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ እንደማይበላ የተማርኩት በወጣትነቴ፣ ሰቆጣ ዙሪያ ነው። የተማርኩት ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ተብዬ ከሰቆጣ ወጣ ያለች ቀበሌ ተመደብኩ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ ድስት ከፍቶ በሚያይበት ግቢ ነው። ከኮረም በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ያንን ድንጋይና ገደል ሳይ ሆዴ ባባ። ሾፌሩ አይቶኝ ኖሮ፣ የሰቆጣን ማር ከቀመስሽ በኋላ አትሄጂም እያለ ሲያጽናናኝ መጣ። ማሩስ እውነትም ማር ነው። ግን ማር አያጫውትም።

ቀበሌዋ ከወንዝ የተጠለፈ ውኃ ነበራት። በበጋ ጓሮው ሁሉ ካሮትና ጥቅል ጎመን ነው። ግንቦት ላይ አትክልቱ ይትረፈረፍና ገበያ ወስዶ የሚመልሰው ይበዛል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ለጾም ወጥ የምትሆን አንዲት ቃሪያ ትጠፋለች። እኔ መላ አገኘሁ። ከሰቆጣ ሱቆች ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ለቅሜ፣ አቸቶ ገዝቼ፣ ሴቶቹን ሰበሰብኩ። አጠብን፣ ከተፍን፣ ብልቃጦቹን በትልቅ ድስት ቀቀልን። አቸቶው ሲፈላ ቤቱ በሳልና በሳቅ ተሞላ። በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ እያወሩ በእኔ ሲስቁ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ሲያልቅ እያንዳንዷ ከቀሚሷ ጥለት ክር መዝዛ የብልቃጧ አንገት ላይ አሰረች፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ አረንጓዴ።

ከዚያ ተነስተው ሊሄዱ ሆነ። ብልቃጦቹን ያነሳ የለም።

እትዬ አበራሽ የሚባሉ፣ ሁሉም የሚሰሟቸው ትልቅ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለምን እንደማይወስዱ ብጠይቃቸው፣ በጎታና በእንስራ ያለ አይታይም፣ ይኼ ግን ጠርሙስ ነው አሉኝ። ሰው ቤት ገብቶ ምግቡን ካየ ሊቀርብለት ነው፤ በክረምት ደግሞ የሚገባው ሰው ብዙ፣ ብልቃጧ ትንሽ ናት። በጨርቅ ሸፍኑታ ብላቸው ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። የተሸፈነማ ይብሳል፣ ምን ደበቀች ያሰኛል አሉኝ።

«አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አሉኝ እትዬ አበራሽ። «አንቺ ዘመድ የለሽም፣ ማንም አይመጣብሽም።»

በክፋት እንዳልተናገሩት አውቃለሁ፤ ግን ወጋኝ። ሲወጡ ብልቃጦቹን መደርደሪያዬ ላይ ደረደርኩና ራሴን አጽናናሁ። ዕቃቸው እኔ ጋ ነው፤ መምጣታቸው አይቀርም ብዬ።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ተዘጋ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ከተማ ወርደው ቀሩ፣ ሴቶቹ አረም ላይ ዋሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴ ድምፅ እንኳ አይሰማኝም ነበር። ማታ ማታ ሽሮዬን ይዤ ከብልቃጦቹ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። አማረኝ፣ አልዋሽም። ግን የሰው ነውና አልነካሁም። በራፌ ላይ የእግር ኮቴ ስሰማ ብድግ እላለሁ፤ ኮቴው ያልፋል። ፍልሰታ ሲገባ አሁንስ ለጾሙ ይመጣሉ አልኩ፤ የመጣ የለም። አንድ ቀን በእግሬ ሰቆጣ ድረስ ሄድኩና ዝውውር ጠየቅኩ። ምክንያት ሲሉኝ ጤና አልኩ። ብቸኝነት ምክንያት አይሆንም ብዬ ነው።

ዝውውሩ በፍጥነት ተፈቀደ። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ወሬውን ሰምተው እትዬ አበራሽ መጡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ቆመው መደርደሪያውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንዱንም አልከፈትሽው?»

«የእናንተ አይደለም እንዴ? መጥታችሁ ትከፍታላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው ተቀምጠው። «ምግቡ ያለው ባንቺ ቤት ነው። ‹ኑ› የምትዪው አንቺ ነሽ። ሰው ቤት ሰተት ብሎ ገብቶ አውጪልኝ ይባላል? ዛሬ ትጠራናለች፣ ነገ ትጠራናለች ስንል ክረምቱ ሊያልቅ ነው።» ወደ ብልቃጦቹ እያዩ፣ «ብቻዋን እንዳትከርም ብለንም እኮ ነው ያስቀመጥነው። እኔማ ቤቴ ማን ይመጣል? እዚህ መምጫ ይሆነኛል ብዬ ነበር» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

በማግስቱ ጭቃውን እየረገጥኩ ቤት ለቤት ዞሬ ጠራኋቸው። ከቅዳሴ መልስ እንጀራቸውን ይዘው መጡ፣ ጠባቧ ክፍል ሞላች። የማን ቀይ ክር፣ የማን አረንጓዴ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ተከፈተ። ጎመኑ ይኮመጥጣል፣ ቃሪያው አፍ ያቃጥላል፣ ካሮቱ አሁንም ይንኮሻኮሻል። እትዬ አበራሽ አጎረሱኝ። ያን የሚያህል ጣፋጭ ነገር ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ጾሙ ተፈትቶ ልጃገረዶቹ ለሻደይ ጨዋታ ወገባቸው ላይ ቅጠል አስረው ሲወጡ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ሰቆጣ ላይ መኪና እጠብቅ ነበር። ዝውውሩ ይቅርብኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ በቦታዬ ሌላ ሰው ተመድቧል አሉኝ።

አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ሰው ረሳኝ እያልኩ ለልጄ አማርራለሁ፤ ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ ዛሬም ብድግ እላለሁ። ፊት ለፊቴ የምትኖር አንዲት ሴት አለች፤ በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ማታ ማታ ድስት ስታነሳ ስታስቀምጥ ይሰማኛል፤ የሚያናግራት ሰው ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስንተላለፍ አንገታችንን ሰበር አድርገን እናልፋለን። ስሟን አላውቀውም።

ብልቃጡን አየሁት፣ በሩን አየሁት። ሁለት ሳህን አወጣሁና ስሟን ልጠይቃት ወጣሁ።