ለአንድ እሑድ ወግ አጥባቂ የሆኑት ባለወፍጮ

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ባሉት ሻይ ቤቶች የሚወራው እንዲህ ነው። ባለፈው የካቲት፣ በ1982 መሆኑ ነው፣ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ሐሳቡ ከሞስኮም ከዋሽንግተንም አልመጣም። የመጣው ከገርጂ መንገድ ዳር፣ ከጋሽ ገብረዋሕድ ወፍጮ ቤት ነው። ጋሽ ገብረዋሕድ ከስድስት ዓመት በፊት በቀበሌው አዳራሽ ቆመው ስለ ወግ አጥባቂ ፓርቲዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ተከራካሪያቸው ራሱን ስቶ በሳንቃ ተሸክመው አወጡት። ንግግሩ በቴፕ ተቀድቶ ወደ ላይ ሄደ፤ ላይ ያሉትም ስድስት ዓመት እያጠነጠኑ ሲያዳምጡት ኖረው በመጨረሻ “ሰውዬው እውነቱን ነው” አሉ። ከእንግሊዝ አገር ወግ አጥባቂ ፓርቲ የአባልነት ደብተር እንደተላከላቸውና ደብተሩ ስንዴ ጆንያ ውስጥ እንደተደበቀ የሚምሉም አሉ። በየሳምንቱ ጆንያው ይለወጣል፤ ደብተሩ ግን ያው ነው።

ወሬው ያምራል፤ ሻይ ያለ ስኳር ያስጠጣል። ችግሩ ቀበሌው ቴፕ ኖሮት አያውቅም። የነበረው አንድ ድምፅ ማጉያ ሲሆን እሱም ከሦስት ቃል ሁለቱን ይውጣል። ጋሽ ገብረዋሕድም ሁለት ሰዓት የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ሃያ ዓመት ከናፍጣ ሞተር አጠገብ የቆመ ሰው በእጁ ነው የሚነጋገረው፤ አንድ ጣት ማለት ልም፣ ሁለት ጣት ማለት ሸካራ፣ መዳፍ ማለት “ተራሽን ጠብቂ”። ባለቤታቸው እትዬ ሣባ ረጅሙ ንግግራቸው በሠርጋቸው ቀን “እሺ” ያሉት ነው ይላሉ።

ከተምቤን የመጡት ገና በወጣትነታቸው ነው። መጀመሪያ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሠራ ሲሚንቶ ተሸከሙ፤ ቀጥሎ ጋራዥ ገቡ፤ ከጋራዡ አንድ የተጣለ ሞተር ገዝተው፣ ጠግነው፣ ድንጋይ ገጠሙለትና ወፍጮ ቤት ከፈቱ። ያን ጊዜ ከወፍጮው ወዲያ ያለው ሜዳ ነበር፤ ከጎሮ ወዲያማ ጅብና የገብስ ማሳ ብቻ። ድንጋዩን በየአስራ አምስት ቀኑ ራሳቸው ይወቅራሉ። ይህን ሥራ ለማንም አሳልፈው አይሰጡም፤ ድንጋይ አወቃቀር የማያውቅ ሰው ዱቄት ያቃጥላል ብለው ያምናሉ።

አብዮቱ ሲመጣ ትርፍ ቤት አልነበራቸውምና ትርፍ ቤት አልተወረሰባቸውም። ወፍጮውም ትንሽ ስለሆነ በእጃቸው ቀረ። አዋጁ ለአንድ ሰው አንድ ፈቃድ ይላል፤ እሳቸውም አንድ ሰው ናቸው፤ አንድ ወፍጮ አላቸው፤ በዚህ ተስማሙ። ብቻ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለማሳደስ ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ካልመጣ ወፍጮው ይታሸጋል።

በ1976 ግንቦት፣ እድሳቱ ሊያልቅ ወር ሲቀረው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገረመው ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ። ሞተሩን እንዲያጠፉ በእጁ ምልክት አደረገ።

“ጋሽ ገብረዋሕድ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።”

“ደብዳቤዬ ደረሰ?”

“ይደርሳል። እሑድ ውይይት አለን። ርእሱ ‘ወግ አጥባቂ ፓርቲዎች የኢኮኖሚ ፖሊሲን በጊዜ ሂደት እንዴት ይቀርጻሉ’ የሚል ነው። በክርክር መልክ ይሁን ተብሎ ከበላያችን ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ታዟል። እሸቴ ወዝአደሩን ይወክላል። ወግ አጥባቂውን የሚወክል ጠፋ።”

“እኔን እንዴት አሰብከኝ?”

“ሌላው ሰው ሁሉ ፈራ።”

“እኔስ የማልፈራ መሰልኩህ?”

“እርስዎ ደብዳቤ ይፈልጋሉ።”

ጋሽ ገብረዋሕድ በነጭ ቅንድባቸው ሥር ተመለከቱት። በዱቄት ነው ቅንድባቸው የነጣው፤ እንጂ ያኔ ሃምሳም አልሞላቸውም።

“ምንድን ነው የምለው?”

“ሁሉም እዚች ላይ አለ።” ባለ አስራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ሰጣቸው። “እውነት እንዲመስል በደንብ ይከራከሩ። መጨረሻ ላይ በደንብ ይሸነፉ። ሰኞ ደብዳቤዎን ይወስዳሉ።”

ጽሑፉ ወግ አጥባቂ ፓርቲዎችን ለመኮነን የተዘጋጀ ነበር። አዘጋጁ ግን ታታሪ ሰው ሳይሆን አልቀረም። ኩነኔው የተሟላ እንዲሆን ብሎ ፓርቲዎቹ በየትኛው ዓመት ምን እንዳደረጉ በተራ በተራ ዘርዝሮታል፤ በዚህም ምክንያት ለሚኮንናቸው ሰው የማይጠቅመውን ያህል ለሚወክላቸው ሰው ይጠቅማል። ጋሽ ገብረዋሕድ ሦስት ጊዜ አነበቡት።

“ምንድን ነው የምታነበው?” አሉ እትዬ ሣባ።

“ወግ አጥባቂ ሆኛለሁ።”

“ሌላ ነገር መቼ ሆነህ ታውቃለህ? የለበስከው ኮት እኮ ከሠርጋችን በፊት የተሰፋ ነው።”

“ስሚኝማ። እነዚህ ሰዎች የወፍጮ ሥራ ያውቃሉ። ድንጋዩን አንዴ አያጠብቁትም። ዛሬ ትንሽ፣ ከርሞ ትንሽ። ሰው ዱቄቱ መለወጡን የሚያውቀው ከለመደው በኋላ ነው።”

“ይህን እሑድ ልትለው ነው?”

“ሌላ ምን እላለሁ?”

“ተሸንፌያለሁ በል። ደብዳቤህን ተቀብለህ ና።”

እሑድ በአራት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ውይይቱ ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ስለተደረገ ከቤተ ክርስቲያን ሾልኮ የመጣ ነጠላውን እንዳጣፋ ተቀምጧል፤ ከአዳራሹ ሾልኮ ቤተ ክርስቲያን የሄደውም ጥቂት አይደለም። ጋሽ ገብረዋሕድ ኮታቸውን አራግፈው ተነሡ። ከኮቱ የወጣው ዱቄት፣ እንደሚወራው ከሆነ፣ ለሁለት ቤተሰብ ራት ይበቃል።

“እኔ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ነኝ” አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። “ስንመጣ ምንም አንነካም። ከአያቶቻችሁ የተረከባችሁትን እንጠብቅላችኋለን እንላለን። በመጀመሪያው ዓመት ግብሩ ከበዳችሁ ብለን እናዝንላችኋለን። በሁለተኛው ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠውን እንቀንስና ዕቃ ላይ እንጨምራለን። ቀጥሎ የመንግሥት ፋብሪካ ከሠረ እንሸጠዋለን። ካልከሠረም እንሸጠዋለን፤ የሚገዛው ይበዛልና። ከዚያ የመንግሥት ቤት የተከራየውን ሰው፣ የምትኖርበትን ቤት ግዛው እንለዋለን።”

እዚህ ላይ ሳቁ ቆመ።

“በአስረኛው ዓመት” ብለው ቀጠሉ፣ “ሕዝቡ ሰልችቶን ሌላ ፓርቲ ይመርጣል። ይምረጥ። አዲሱ ፓርቲ የሠራነውን አያፈርሰውም፤ ቤቱን የገዛው ሰው ‘መልስ’ ቢባል ይነሣበታላ! ስለዚህ እኛ ሄደንም አለን። ፖሊሲ ማለት እሱ ነው፤ የጠላህ ሰው ሲመጣ ሳይነካው የሚያልፈው ነገር።”

ከኋላ ወይዘሮ ፈሂማ እጃቸውን አወጡ። የቀበሌ ቤት ውስጥ ከሰባት ልጆች ጋር የሚኖሩ፣ በክረምት ከሰባቱ ልጆች አራቱ ከገንዳ ሥር አራቱ ከባልዲ ሥር የሚተኙ ሴት ናቸው፤ ሂሳቡ ባይገጥምም ጣሪያው ያንን ያህል ያፈሳል።

“የሸጣችሁትን ቤት ጣሪያ ማን ይጠግነዋል?”

ጋሽ ገብረዋሕድ አሰቡ። “የገዛው ሰው። የራሱ ነዋ።”

“በራሱ ጊዜ? ማመልከቻ ሳያስገባ?”

“ማመልከቻ ለማን ያስገባል?”

ጓድ ገረመው እሸቴን በክርኑ ነካ አደረገው። እሸቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ሐሳቡ ግን ቀጥተኛ። የተጻፈለትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣

“አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ ጋሽ ገብረዋሕድ” አለ። “መግዣ የሌለው ሰውስ? ጥሩ ጥሩው ቤት ተሸጦ ሲያልቅ እሱ የት ይገባል?”

ጋሽ ገብረዋሕድ ጽሑፉን ገለጡ። አስራ ሁለቱንም ገጽ ገለጡ። “እሱ እዚህ ላይ የለም” አሉና ተቀመጡ።

በዚህ ተሸነፉ። እጅ ሲቆጠር ለወዝአደሩ ሁሉም አወጣ፤ ለወግ አጥባቂው አንድም አልወጣም። ጓድ ገረመው በደስታ ሊንሳፈፍ ምንም አልቀረውም። ሪፖርቱን ያንኑ ቀን ጻፈ።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ግን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ አስራ ሰባት ሰው የኪራይ ደረሰኙን ይዞ ተሰልፎ ጠበቀው። ወይዘሮ ፈሂማ ከፊት ናቸው።

“ምን ልታዘዝ?”

“ቤት ልንገዛ ነው።”

“የምን ቤት?”

“ትናንት በስብሰባ የተነገረውን።”

ጓድ ገረመው ላስረዳ ብሎ ላብ በላብ ሆነ። እነሱ ግን በስብሰባ የተነገረ ነገር ሁሉ ትእዛዝ እንደሆነ አስር ዓመት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ዘመቻ ሲባል ዘመቱ፤ መዋጮ ሲባል አዋጡ፤ አሁን ቤት ግዙ ሲባል ሊገዙ መጡ። ክርክር የሚባል ነገር፣ አንዱ ያላመነበትን የሚናገርበት መድረክ፣ በዚያ አዳራሽ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ጸሐፊዋ ሳይነገራት ስማቸውን መዝግባ ጨርሳ ኖሯል። የተመዘገበ ስም ደግሞ በሊቀመንበርም አይሰረዝም፤ ባለቤቱ ራሱ ‘ይሰረዝ’ ብሎ መፈረም አለበት።

ጋሽ ገብረዋሕድ ደብዳቤያቸውን ሊወስዱ ደረሱ።

“ደብዳቤ?” አለ ጓድ ገረመው። “አስራ ሰባት ቤት ሸጠውብኝ ደብዳቤ? ከፍተኛው ይህን ከሰማ እኔም እርስዎም አለቀልን። ሁሉንም ‘ስሜ ይሰረዝ’ አስብለው ያስፈርሙ። አንድ ስም ከቀረ ወፍጮው ይታሸጋል።”

ጋሽ ገብረዋሕድ ሞተራቸውን አጥፍተው በየቤቱ ዞሩ። ሃያ ዓመት ያልተናገሩትን በአንድ ሳምንት ተናገሩ። “እኔ ፓርቲ አይደለሁም። ቤት የለኝም። የሌለኝን አልሸጥም” ይላሉ። ሰው ይሰማቸውና ዙሪያውን አይቶ ዓይኑን ይጠቅሳል። “ገባን፣ ጋሼ። ምስጢር ከሆነ ይቆይ” ይላቸዋል። አስራ ስድስቱ በዚሁ ጥቅሻ ፈረሙ። ወሬውም የተወለደው እዚያ ነው።

ወይዘሮ ፈሂማ ግን አልፈርም አሉ።

“እርስዎ አይደሉም እንዴ ጣሪያውን የገዛው ሰው ይጠግነዋል ያሉት?”

“ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ፈሂማ። ፓርቲው ነው።”

“ፓርቲውን አምጡልኝና ልጠይቀው።”

“እንግሊዝ አገር ነው ያለው።”

“እንግዲህ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ክረምቱም ሰኔ ይገባል፤ አንድ ላይ እጠብቃቸዋለሁ።”

ጋሽ ገብረዋሕድ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ሰማዩ ከጣሪያው ይበልጥ ይታያል። ወጡ። በማግስቱ ከወፍጮ ቤታቸው በረንዳ፣ ባለ ተራው ከፀሐይና ከዝናብ ከሚጠለልበት፣ ስድስት ቆርቆሮ ነቅለው በጫንቃቸው ተሸክመው መጡና ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲመቱ ዋሉ። ወይዘሮ ፈሂማ መሰላሉን ያዙላቸው። ሲወርዱ ብዕር ይዘው ጠበቋቸው።

ፈቃዱ ታደሰ። ያን ክረምት የወፍጮው ባለ ተራ በዝናብ ቆመ። ቀበሌው አንድ የራሱን ቤት ጣሪያ ያስጠገነው ከአንድ ባለወፍጮ ኪስ ነው፤ ይህ ወግ አጥባቂ ይባል ወዝአደር ይባል የሚፈርድ እስካሁን አልተገኘም። እሸቴም ጥያቄውን ያነሣው ሊረታ ብቻ አይመስልም። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ወፍጮ ቤት እየሄደ ከጋሽ ገብረዋሕድ ጋር በሞተሩ ጩኸት መሐል ስለዚያው ጉዳይ ሲጯጯህ ታይቷል። ቀስ ብሎ የሚጠብቅ ድንጋይ ከሥሩ የትኛውን እህል እንደሚያደቅ ሁለቱም አልተስማሙም።

ዘንድሮ ቅይጥ ኢኮኖሚው ታወጀ። ለመለወጥ ተነሥተው አስራ ስድስት ዓመት የገዙት የሠሩትን ለመጠበቅ ሲጨነቁ፣ ሰው ደግሞ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይጎርፋል። እህል ያልያዘ ሰው ተራ ይይዛል። “ጋሼ፣ እስቲ ስለ ቤቱ አንድ ቃል ይናገሩልን፤ እርስዎን ይሰማሉ” ይላቸዋል። ፈቃዳቸው ዘንድሮም ሊታደስ ነው፤ አዲሱ ሊቀመንበር ደግሞ ወሬውን ሰምቷል፤ ደብዳቤውን ይዞ “ከላይ ማንን ነው የሚያውቁት?” እያለ ያመላልሳቸዋል። የሚያውቁት ሰው አለ ብሎ ስለፈራ አይከለክላቸውም፤ የሌለ መስሎት ስለተጠራጠረም አይሰጣቸውም።

በዚህ ላይ ነው ባለፈው ቅዳሜ ሞተራቸውን አጥፍተው፣ በተሰለፈው ሰውና በሊቀመንበሩ ፊት፣ ይህን የተናገሩት፦

“ስሙ። ሁለት ሰዓት አልተናገርኩም፤ አምስት ደቂቃም አልሞላኝም። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። እሸቴ ራሱን አልሳተም፤ የረታኝ እሱ ነው። ደህና ጥያቄ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ቴፕ አልነበረም። ደብተር የለኝም። ላይ ማንንም አላውቅም፤ የሚያውቀኝም የለም። ቅይጥ ኢኮኖሚውን እንደናንተው በሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ ያውም ግማሹን፣ ባትሪው አልቆ። የነገሯችሁ ሁሉ ሐሰት ነው። አሁን እህል የያዘ ይግባ፤ ያልያዘ ወደ ቤቱ ይሂድ።”