ሐይቁን ያልተሻገረችው

ፍሪጅ ጠጋኙ ሰውዬ አንድ አመል ነበረው። የጠገነውን ፍሪጅ ሱቁ ውስጥ ሰክቶ፣ ጆሮውን ለጥፎ ድምጹን ካላዳመጠ ለባለቤቱ አያስረክብም። ደንበኞቹም የሚወዱት በዚሁ ነበር።

ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ጓዳ ገብቶ ትንሽ አውሮፕላን ይሠራል፤ ክንፏ ቀላል እንጨት፣ ሆዷ ውስጥ መንገድ የምትመራ የክብሪት ሣጥን የምታክል ኮምፒውተር። ሐሳቡ ማንም ሳይነዳት ሰፊውን ሐይቅ አቋርጣ ወንድሙ ከሚኖርበት ማዶ እንድታርፍ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ውሃ በላቸው። ይህች ሦስተኛዋ ናት፤ የመጨረሻዋም ናት። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ቀጭን ሽቦ መበየድ አቅቶታል። ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ግን የሻይ ብርጭቆውን ሞልታ መቅዳት ከተወች ቆይታለች።

«ይቺስ እንደ እህቶቿ ዋና ልትማር ነው?» አለችው በዚያ ጠዋት።

«ሟርተኛ። በይ በሩን ክፈችልኝ።»

ከመውጣቱ በፊት እንደ ልማዱ ጓዳው ውስጥ አብርቶ አዳመጣት። እንደ ንብ እምም አለች፤ ደስ አለው። ሞተሯን ቢያቆምም ኮምፒውተሯን አላጠፋም። ደህና የነቃችውን ለምን አስተኛታለሁ ብሎ፣ ጭኑ ላይ አቅፎ በአውቶቡስ ሐይቁ ዳር ወሰዳት።

ወረወራት፤ ተነሣች። እሱ በትንሽ ስክሪን ላይ እሷ ያለችበትን የምታሳየውን ነጥብ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። እኩሌታውን አልፋ ብዙ ከሄደች በኋላ ነፋስ ከፊቷ መጣ፤ ባትሪዋ ወረደ። አልደነገጠም፤ ማዶው ቀርቧል። ነጥቧ ግን ዞረች።

ያን ጊዜ ገባው። ይህች ማሽን አቅም ሲያንሳት ቤቷ ወደምትለው ቦታ ትመለሳለች፤ ቤቷ ደግሞ ሌላ ካልተነገራት መጀመሪያ የነቃችበት ነው። ዳር ሲደርስ አጥፍቶ ሊያበራትና እንደ ነቃች ማዶውን «ቤትሽ ነው» ሊላት አስቦ ነበር። በርታ ስላገኛት ሁሉ ያለቀለት መስሎት ዘነጋው። ይኸው አሁን አጠገቧ ያለውን ማዶ ትታ፣ ሐይቁን መልሳ አቋርጣ ወደ ጓዳው ልትመጣ ነው። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ትእዛዝ የምትቀበልበትን ዕቃ አልገጠመላትም። ሊያያት እንጂ ሊጠራት አይችልም።

ነጥቧ ውሃው መሐል ጠፋች።

ስልኩ ጮኸ። ስንት ዓመት በአውሮፕላኖቹ ሲቀልድበት የኖረው ወንድሙ ነው።

«የት ደረሰች? ነጭ አንሶላ ዘርግተንላታል። ሚስቴ የክት አንሶላዋን ነው ያወጣችው፣ ዘይት እንዳታንጠባጥብበት ብላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል።»

«አንሶላውን አንሣው።»

«ለምን? የሆነ ነገር እየመጣ ነው እኮ፣ ያውልህ።»

«ወፍ ነው።»

«ቆይ እስቲ፣ ትንሽ እንጠብቅ።»

«አትጠብቅ፣ ወንድሜ።»

ከወንድሙ ኋላ ጎረቤቶቹ «መጣች፣ መጣች» ሲባባሉ ይሰማል። ጠጋኙ ስልኩን አልዘጋም፤ ጆሮው ላይ ለጥፎ ማዳመጡን ቀጠለ።