የሳንባ ምች ምች አይደለም

ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ሁለት ዓመት የሞላት የልጄ ልጅ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ትተነፍሳለች፤ ያ መተንፈስ ከተባለ። አየር በሳበች ቁጥር ከጎድን አጥንቶቿ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የቀረበላትን ውሃ አፏ ላይ አድርሳ ትተወዋለች። ገርጂ ባለ ክሊኒክ የመረመራት ሐኪም ከትናንት በስቲያ ሽሮፕ አዝዞ፣ «ደረቷ መሰርጎድ ከጀመረ ወይም መጠጣት ካቃታት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ውሰዷት» ብሎ ነበር። ሁለቱም ደርሰዋል። እኔ ኮቴን ለብሻለሁ፤ እናቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። በሲኤምሲው ቤታችን አብራን የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ግን በሩን ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ምች የያዘው ልጅ በዚህ ፀሐይ አይወጣም።»

«ምች ነው ያለሽ ማን ነው?»

«ሐኪሙ ነዋ! ‹የሳንባ ምች› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ ሐኪም ሐኪም ትላላችሁ፤ አንድ ቀን እኔ የማውቀውን በሽታ ቢጠራ ደነቆራችሁ?»

እውነቷን ነው፤ ሐኪሙ ብሏል። ቋንቋችን የሳንባን መቆጣት የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በእኅቴ ዘንድ ግን ምች ማለት በልቶ እጅና አፉን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው የሚይዘው፣ ዳማከሴ ተጨምቆለት ቤት ዘግቶ የሚተኛበት ሕመም ነው። ከትናንት ጀምሮ መስኮቶቹን ሁሉ ጠርቅማለች፤ የሕፃኗም ግንባር በቅጠሉ ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል።

«የሳንባ ምች ምች አይደለም» አልኋት።

«ታዲያ ምንድን ነው፣ ቅቤ ነው?»

«ስሙን ያወጡለት ሰዎች ተሳስተዋል።»

«እንግዲያው ሄደህ እነሱን ተቆጣ፤ ልጅቷን ተዋት።»

ይህች ልጅ የተወለደችው ኮሮና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። በሩ የተዘጋባት ለእኔ ዕድሜ ሲባል ነበር። ወደ ሕፃናት መዋያ እስከ ገባችበት እስከዚያ ወር ድረስ የሌላ ሕፃን አፍንጫ በቅርብ አላየችም፤ የእኛንም ብዙውን ጊዜ ያየችው በጭምብል ተሸፍኖ ነው። ያኔ ተስማምቼ ነበር፤ በቂ ምክንያት ነበረው። አንድ ቃል በስሕተት ስለ ተሰማ ዳግመኛ በር ሲዘጋባት ግን ዝም ብዬ ልመለከት አልቻልሁም።

«ዞር በይ!» አልሁ። እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግሬያት አላውቅም።

ዞር አለች። ነጠላዋን አነሣችና እኛን ቀድማ ኮንትራት ታክሲው ውስጥ ተቀመጠች።

«መስኮቱን ዝጋው፣ ልጄ» አለችው ሹፌሩን።

«እንዳትዘጋው» አልሁት።

ኢምፔሪያል አካባቢ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና መስኮቱን እስከ ግማሽ ዘጋው። «ለሁለታችሁም ይሁን» አለ። ልጄ ዓይኗን ከሕፃኗ ደረት አላነሣችም።

ሆስፒታል እንደ ደረስን ኦክስጅን በአፍንጫዋ አስገቡላት። ከቀትር በኋላ ውሃ ጠጣች። ክፍሉ በበጋ ወር እንደ ክረምት ሞልቶ ነበር፤ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል። ወጣቱ ሐኪም እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሰው ጭምብል ሲያደርግ ከኮሮና ሌላ ያሉት የሳንባ ቫይረሶችም መዛመት አቆሙ፤ ሕፃናት ቀስ በቀስ ሊለምዷቸው ሲገባ ሳያገኟቸው አደጉ፤ በሮች ሲከፈቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ወቅቱን ሳይጠብቁ መጡባቸው።

«ይህ የተረጋገጠ ነው ወይስ ግምት?» አልሁት።

«ለጊዜው ግምት ነው፣ አባት። ለእርስዎ አልዋሽም።»

እንዲህ ያለ መልስ ያከብረኛል።

ከሆስፒታል ወጥተን ጥቂት ቀናት ሰነባበትን። ልጄ ሕፃኗን ከመዋያው ልታስቀራት ወሰነች፤ «አምስት ዓመት እስኪሞላት» አለች። እኅቴ ደስ አላት።

«አልስማማም» አልሁ።

«እንደገና ትታመማለች፣ አባዬ!»

«ትታመማለች። የሚታመም ልጅ በጊዜ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፤ የተቆለፈበት ልጅ ግን የሚደርስለት የለም።»

«ትምህርትህ ሳንባ አይሆናትም፣ ጋሼ» አለች እኅቴ።

«ቁልፍሽም አይሆናትም።»

ልጄ አየችኝ። «የምታደርሳትም የምታመጣትም አንተ ነህ፤ ትንፋሿ ትንሽ ከተለወጠ ትደውልልኛለህ» አለች። እሺ አልሁ። በማግስቱ ጠዋት በዚህ ዕድሜዬ ቦርሳዋን በትከሻዬ አንግቤ፣ እጇን ይዤ መዋያው በር ላይ ቆምሁ። ልጆቹ ሁሉ ንፍጣቸውን አዝረብርበው ነበር። እጇን ለቀቅሁ፤ ሮጣ ገባችባቸው።

የትኛው ቫይረስ እንደ ነበረ አልተመረመረም። ያ ሁሉ ጊዜ ቤት መቀመጧ ሕመሙን ያከበደባት መሆን አለመሆኑን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ዛሬም ጉንፋን በያዛት ቁጥር ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ አንዱ ሐኪም ያ ሕመም የተወባት ነው ይላል፣ ሌላው ከተፈጥሮዋ ነው ይላል።