ጥቁሩ አዝራር

በስፌት ቤቱ ስድስት ሴቶች ይሠራሉ። አምስቱ ይሰፋሉ፤ አንዷ የተሰፋውን ትተኩሳለች። በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ካውያ» ናት። እሁድ አንድ ተረኛ ስለሚያስፈልግ፣ ዘወትር ዓርብ አምስት ነጭና አንድ ጥቁር አዝራር ከረጢት ውስጥ ተከቶ ዕጣ ይወጣል። ጥቁሩ የደረሳት እሁዷን ትሰናበታለች።

ካውያ አራት ዓርብ በተከታታይ ጥቁሩን አወጣች። እናቷ ደግሞ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሰው መለየት እያቃታት ነው፤ ጠያቂ የሚገባውም እሁድ ብቻ ነው።

«ዕድሌ ጠማማ ነው» አለቻት የሂሳብ አስተማሪ ለሆነችው የወንድሟ ሚስት። «መጨረሻ ስለማወጣ የተረፈው ይደርሰኛል።»

«መጀመሪያም አወጣሽ መጨረሻ፣ ያው ከስድስት አንድ ነው። አራቴ መደጋገሙ ግን ከሺህ ጊዜ በላይ ተሞክሮ አንዴ ቢያጋጥም ነው። አይሆንም አልልሽም፤ ግን ዕድልሽን ከመርገምሽ በፊት ከረጢቱን እዪው።»

ካውያ ተቆጣች። ከረጢቱን የምትይዘው ከሰፊዎቹ አንዷ፣ የልብ ጓደኛዋ ናት! እሷን መጠርጠር ነውር አይደለም እንዴ? ቢሆንም ነገሩ ሲከነክናት አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይገባ ከረጢቱን ገለበጠችው። ነጮቹ ጠፍጣፋ ናቸው። ጥቁሩ የካፖርት አዝራር ነው፤ ከጀርባው ጉጥ አለው። ዓይኗን ጨፍና ዳበሰቻቸው። ምንም! በካውያ ሲጠበስ የኖረ ጣቷ አንዱን ከሌላው አይለይም። ሰፊዎቹ ግን በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡ ጉዶች ናቸው፤ ጥቁሩን እየነኩ ሲያልፉላት ከርመዋል። ጣቷ መደንዘዙን ደግሞ ከጓደኛዋ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሲቆስል ቅባት የምትቀባት እሷው ናት።

ጓደኛዋ ስትገባ ካውያ አዝራሩን ዘረጋችላት።

«ታውቂ ነበር?»

«እህቴ፣ እኛ ልጆች አሉን» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት። «አንቺ ደግሞ አታማርሪም... እናትሽን ግን አልተውኳትም። አፍሬ አልነገርኩሽም እንጂ እሁድ እሁድ ሄጄ እጠይቃት ነበር። ነገ እኔ እገባልሻለሁ፣ አንቺ ሂጂ።»

ካውያ አዝራሩን ከረጢቱ ውስጥ መልሳ ጣለችው። በደሉ ከሌሎቹ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ እናቷ አልጋ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷ ትክ ብላ አየቻትና እንደ እንግዳ ፈገግ አለችላት።

«ይቅርታ፣ ይነሱልኝ» አለቻት። «ቦታው የልጄ ነው። እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ቀርታ አታውቅም።»